ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ለምን ተመልሶ አይገባም?

የክፍል_ኃላፊ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁም። በደቡብ ወሎ ዞን በአንድ የወረዳ ከተማ የ9ኛ ክፍል መምህር ነኝ፤ የክፍል ኃላፊነትም አለብኝ። ኅዳር በገባ ቁጥር ስም ስጠራ መልስ የማይሰጡት ይበዛሉ። ጓደኞቻቸው መጀመሪያ «አሞት ነው» ይላሉ፤ ሰንበት ሲል «አገር ቤት ሄዷል» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ሲጠራ ክፍሉ ዝም ይላል።

ለወረዳ በምንልከው ሪፖርት ላይ «መጠነ ማቋረጥ» የሚል ሠንጠረዥ አለ። ምክንያት የሚሞላበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ ችግር፣ ጋብቻ፣ ሕመም፣ ስደት፣ ሌላ እያልን እንሞላለን። እኔ የማውቃቸው ልጆች ግን በአንድ ምክንያት፣ በአንድ ቀን የወጡ አይደሉም።

ነገሩን በቅርብ እንድታዩት የአንድ ልጅ ኑሮ ላስረዳ። ብዙዎቹ የሚኖሩት እንዲህ ስለሆነ የማንንም ገመና አላወጣም። ቀበሌው ሩቅ ነው፤ እዚያ ያለው ትምህርት ቤት 8ኛ ላይ ያበቃል። 9ኛ ለመማር ከተማ መጥቶ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። አርብ ከሰዓት በእግሩ ወደ ቤተሰቡ ይሄድና እሁድ ማታ ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ ተሸክሞ ይመለሳል። መስከረም ላይ ዘግይቶ ይመዘገባል፤ ምክንያቱም ለሰሊጥ ሥራ መተማ ሄዶ የቤት ኪራዩንና የደብተሩን መግዣ ይዞ መምጣት አለበት። አጨዳው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ስለሆነ አንዳንዱ ተመዝግቦ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ሳይመዘገብ ይቀራል። ሲመለስ ሒሳብ ሁለት ምዕራፍ አልፎታል። አከራይዋ ኪራይ ጨምራለች። ታኅሣሥ ላይ አባቱ ለውቂያ ይፈልገዋል፤ በበልግ አብቃይ ቀበሌዎች ደግሞ የካቲት ላይ ዘር አለ። የመንፈቁ አጋማሽ ፈተና አመለጠው። ካመለጠው በኋላ መምህሩን ፊት ለፊት ለማየት ያፍራል። ከዚያ አንድ እሁድ ማታ ሳይመለስ ይቀራል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ይህ ልጅ ብዙ ጊዜ ጥር ወይም የካቲት ላይ ይመጣል። በሩ ላይ ቆሞ «መምህር፣ መቀጠል እችላለሁ?» ይላል። የሚሰጠው መልስ «ለሚቀጥለው ዓመት ና» ነው። ለሚቀጥለው ዓመት አይመጣም። እኔ እንደማምነው ልጆቹን የምናጣቸው ሲወጡ አይደለም፤ ሊመለሱ ሲሞክሩ ነው። ለመውጣቱ ድህነት አለ፣ የአየር ጠባይ አለ፣ ብዙ ነገር አለ። ለመመለሱ ግን እንቅፋት የምንሆነው እኛው ራሳችን ነን።

የጸጥታውን ጉዳይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በክልላችን ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን ትምህርት ቢሮው ባለፈው ዓመት ተናግሯል። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ወረዳ ልጁን «አቋረጠ» ማለት ግፍ ነው። እኔ የምጠይቀው በራችን ተከፍቶ እያለ ስላጣናቸው ነው። ያቋረጣችሁ፣ ለጊዜው የተዋችሁ፣ ልጅ ያቋረጠባችሁ ጻፉልኝ። ለመመለስ ስትሞክሩ ምን ገጠማችሁ?

---

ተግባር_ይበልጣል
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ በአንድ ነገር አልስማማም። ልጁ መመለስ ያለበት ለምንድን ነው? የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። በ2015 ከ845 ሺህ በላይ ተፈትነው ያለፉት 27,267 ብቻ ነበሩ። የገጠር ልጅ ይህን አያውቅም ብለው እንዳያስቡ። ታላቅ ወንድሙ ወድቆ ቤት ተቀምጧል። የጎረቤቱ ልጅ ዲግሪውን ይዞ በሰው ባጃጅ ሾፌርነት ተቀጥሯል። አራት ዓመት ኪራይና ስንቅ አውጥቶ ከመቶ ዘጠና ሁለቱ የሚወድቁበት ፈተና ላይ ለመቀመጥ አባቱ በግ ይሸጥ?

እኔ ከ10ኛ ወጥቼ እንጨት ሥራ ተማርኩ። ዛሬ የራሴ ሱቅ አለኝ፤ ሰው ቀጥሬ አሠራለሁ። ያቋረጠ ሁሉ እንደጠፋ መቆጠሩ ያሳዝነኛል።

---

ከጅዳ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

መምህር፣ እርስዎ የጻፉትን አንብቤ ሥራዬ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እኔም የወሎ ልጅ ነኝ።

የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ በጥሩ ውጤት አልፌ 9ኛ ተመዘገብኩ። ዓመቱ 2008 ነበር፤ ያ ድርቅ የገባበት። መጀመሪያ በሬዎቹ ተሸጡ፣ ቀጥሎ ላሚቱ። ከተማ ላይ የነበረችኝን ኪራይ የሚከፍል ጠፋ። እናቴ «ለጊዜው ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ትመለሻለሽ» አለችኝ፤ እኔም ያመንኩት ለጊዜው ነው ብዬ ነው። ጎረቤታችን ውስጥ ደላላ ነበረ። በዚያን ጊዜ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር በሕጋዊ መንገድ መሄድ ታግዶ ስለነበር በአፋር በኩል ወጣን፤ ከጅቡቲ ኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳውዲ። የመንገዱን እዚህ አልጽፈውም።

ልነግርዎት የፈለግሁት ይህን ነው። ከወጣሁ በኋላ እስክሄድ ድረስ ወራት አልፈዋል። ቤት ነበርኩ፤ ውኃ እቀዳ ነበር፤ በትምህርት ቤቱ በር አልፍ ነበር። በእነዚያ ወራት አንድ ሰው መጥቶ «አንቺ ልጅ የት ጠፋሽ?» ብሎ ቢጠይቀኝ እመለስ ነበር። ደላላው ግን በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። እሱ ስሜን ያውቀዋል፣ የእናቴን ዕዳ ያውቀዋል፣ ስንተኛ ክፍል እንደተውኩ ያውቃል።

ወንድሜ ተግባር ይበልጣል፣ አንተ ያወጣኸው ሒሳብ ትክክል ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከሰው ቤት ሆኜ በላክሁት ገንዘብ ታናሽ ወንድሜን አስተምሬ አስመርቄዋለሁ። ትምህርት ከንቱ ነው ብዬ ባምን ኖሮ ያን ሁሉ ገንዘብ ለቤት መሥሪያ አውለው ነበር።

---

የቀድሞ_ሬጅስትራር
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

መምህር የተናገሩት ስለ 9ኛ ክፍል ነው፤ እኔ ደግሞ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ለረጅም ጊዜ ስለሠራሁ ስለዚያ ልጻፍ። ጥያቄው እዚያም ያው ነው።

ብዙ ተማሪ የማያውቀው ነገር አለ። በዩኒቨርሲቲ ትምህርትን ለጊዜው ማቆም መብት ነው፤ ዊዝድሮዋል እንለዋለን። ሕመም፣ የቤተሰብ ሐዘን፣ ሌላም በቂ ምክንያት ሲኖር ቅጹ ይሞላል፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊና ዲኑ ይፈርማሉ፣ ከቤተ መጻሕፍት፣ ከመኝታና ከምግብ ቤት ክሊራንስ ይወሰዳል፣ መታወቂያው ይመለሳል። እንዲህ ያደረገ ተማሪ ድጋሚ ቅበላ የመጠየቅ መንገድ አለው። ሳይሞላ ሻንጣውን ይዞ የሄደ ግን መዝገቡ ላይ የሚቀርለት ፈተና ያልተቀመጠባቸው ኮርሶች ኤፍ ነው። ሁለቱ ልጆች የወጡበት ምክንያት አንድ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ በር ክፍት ጥሎ ሄዷል፣ ሌላው ሳያውቀው ዘግቶ ሄዷል።

ለምን አይሞሉም? በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። እናቱ መሞቷን በስልክ የሰማ ልጅ ያን ሌሊት መናኸሪያ ነው የሚያድረው፤ ፊርማ ለመሰብሰብ አራት ቢሮ አይዞርም። በጭንቀት ከአልጋው መነሳት ያቃተው ልጅ የሕክምና ማስረጃ ለማምጣት ክሊኒክ ሄዶ «ምንህን ነው ያመመህ?» ሲባል የሚመልሰው ቃል ያጣል። ወባ ይዞት ቢሆን ወረቀቱ በአንድ ቀን ያልቅለት ነበር። ሴት ተማሪዎች በእርግዝና ምክንያት ሲወጡ ጨርሶ ሳይናገሩ ነው የሚወጡት።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህንን ወላጆች እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። አብዛኛው ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በሁለተኛው መንፈቅ መካከል አንድ ወር የታመመ ልጅ ሲድን የሚመለስበት ክፍል የለም፤ ተከታዩ ዓመት ሁለተኛ መንፈቅ እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። የአንድ ወር ሕመም የአንድ ዓመት ዕረፍት ይሆናል። በዚያ ዓመት ውስጥ ልጁ ሥራ ይይዛል፣ ያገባል፣ ይሰደዳል። ጓደኞቹ ቀድመውታል፤ ሲመለስ በዶርምም በክፍልም የሚያውቀው ሰው የለም።

የጊዜ ገደቡና ዝርዝሩ እንደየተቋሙ የሴኔት ሕግ ይለያያልና የራሳችሁን ጠይቁ። ነገር ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ልትወጡ ከሆነ ሞልታችሁ ውጡ። ራሳችሁ መሄድ ካልቻላችሁ የዶርም ጓደኛችሁን ልካችሁ ምን መደረግ እንዳለበት አስጠይቁ።

---

ያልሞላሁት
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

የቀድሞ ሬጅስትራር፣ እኔ ሳይሞላ የሄደው ነኝ። ጊዜው በ2012 መጀመሪያ ላይ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት የተነሳበት ነው። ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ጎረቤት ዶርም ውስጥ የሆነውን ካየን በኋላ በሌሊት ነው የወጣነው። በዚያች ሌሊት ስለ ቅጽ ያሰበ አልነበረም፤ የሚያስፈርምም ቢሮ አልነበረም።

ቤተሰቦቼ ዘንድ ተቀመጥኩ። ልመለስ ስል መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ሁሉም ተዘጋ። ሲከፈት ሄድኩ። የገጠመኝን ስሙ። እኔ የገባሁት በ2011 ነው። ከ2012 ጀምሮ የሚገቡት ተማሪዎች በአዲሱ አሠራር የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ነው የሚወስዱት። የኔ ምድብ የድሮው ሥርዓተ ትምህርት የመጨረሻው ነበር። ከኋላዬ የሚመጣ፣ እኔ ያለፉኝን ኮርሶች የሚወስድ ክፍል የለም። «ትምህርት ክፍሉን ጠይቅ» አሉኝ፤ ትምህርት ክፍሉ «ሬጅስትራርን ጠይቅ» አለኝ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ማንም ግን ወስኖ አልፈረመልኝም።

አሁን በአንድ የግንባታ ድርጅት መጋዘን ውስጥ እቃ አስረክባለሁ። አባቴ እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ «ዩኒቨርሲቲ ነው» ይላል። የጊዜው ርዝመት ተስፋ ያስቆርጠኛል፤ ግን ልጠይቅ፦ አሁንም የሚደረግ ነገር አለ?

---

የአምስት_ልጆች_አባት
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

እኔ ከጅማ ነኝ፤ ቡና ነው የምናመርተው። ልጄ እያነበበልኝ፣ እኔ እየነገርኩት ይጽፋል።

መምህር ሆይ፣ ስለ ወላጅ ሲወራ አላዋቂ ተደርገን ነው የምንታየው። እኔ የትምህርትን ጥቅም አላጣሁትም። ቡናው የሚቀላው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በወቅቱ ካልተለቀመ ይረግፋል፤ የረገፈ ቡና ዋጋ የለውም። የቀን ሠራተኛ ልቅጠር ብል የለቀማው ዋጋ የቡናውን ይበላዋል። የዓመቱ ልብስ፣ የዓመቱ ደብተር፣ የዓመቱ መድኃኒት ከዚያች ሁለት ወር ነው የሚወጣው። ልጆቼ ካልለቀሙ የሚማሩበትም ገንዘብ የለም፤ ከለቀሙ ከትምህርት ይቀራሉ። ይህን እንድፈታው የተጠየቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ታላቁን አስቀርቼ ታናናሾቹን አስተማርኩ። አምስቱን በአንድ ጊዜ ማስተማር ለማን ተቻለ? ታላቁም ይህን ያውቃል። ትምህርት ቤቱ ግን በለቀማ ወር ፈተና ከመስጠት ይልቅ ፈተናውን ሁለት ሳምንት ቢገፋው ምን ይጎድልበታል? እኛ ወላጆች በኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተናግረናል። «ካላንደሩ ከላይ ነው የሚመጣው» ተባልን።

---

ሴት_መምህርት
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባታችን የተናገሩት ልክ ነው። እኔ የሴት ተማሪዎች ክበብ ተጠሪ ነኝና ስለ ሴቶቹ ልጨምር።

ውኃ የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ የወር አበባዋን የምታይ ልጅ በየወሩ ጥቂት ቀን ትቀራለች። እነዚያ ቀናት ተደምረው ፈተና ላይ ይታያሉ። ፈተና ላይ ሲታይ ቤተሰቡ «ይቺ እንደሆነ ትምህርቱ አልገባትም» ይላል። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ጥር ላይ የታጨችውን ልጅ ከታኅሣሥ ጀምሮ እናውቃታለን፤ ጓደኞቿ ይነግሩናል፣ እሷ አትናገርም። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜን 18 ካደረገ ከ1992 ጀምሮ ስንት ዓመቱ ነው? አንዳንዱን ጋብቻ ከወረዳው ሴቶች ጉዳይና ከፖሊስ ጋር ሆነን አስቁመናል።

ያስቆምነው ግን ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ልጅቷ በቤተሰቧ ዘንድ «ሠርግ ያስቀረች» ተብላ ነው የምትኖረው። ስንቋን ማን ይሰጣታል? ትምህርት ቤቱ ሠርጉን ማስቆሙን ይቆጥርላታል፤ ኪራዩን የሚያስብላት የለም።

የወለደች ልጅ እንዳትማር የሚከለክል ሕግ የለም። ግን አንድም ሰው «ተመለሽ» ስለማይላት የተከለከለ ይመስላታል። ባለፉት ዓመታት የሕፃን እናት ሆነው የተመለሱ ተማሪዎች ነበሩኝ። የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፦ ልጁን የምትይዝ አያት አለቻቸው።

---

የክፍል_ኃላፊ
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ ከጅዳ፣ ደላላው በየሳምንቱ ይመጣ ነበር ያልሽውን ለመምህራኑ ሁሉ አንብቤዋለሁ። በስብሰባው ላይ ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ተግባር ይበልጣል፣ ቁጥሮችህ ትክክል ናቸው፤ አልክድም። ነገር ግን የፈተናውን ሒሳብ ሠርቶ የሚወጣው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የኔዎቹ 9ኛ ክፍል ላይ ናቸው። የሚወጡት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ የፈተና ውጤት በሚወራበት በመስከረም አይደለም። ልጁ ስለ 12ኛ ክፍል እያሰበ ቢሆን ኖሮ ዘግይቶም ቢሆን በመስከረም ባልተመዘገበ ነበር። የጎደለው የአንድ ወር ኪራይና የሁለት ምዕራፍ ሒሳብ ነው። ይህ ደግሞ የሚሞላ ጉድለት ነው።

የእንጨት ሥራህን አከብራለሁ። ግን አንተም 10ኛ ደርሰህ ነው የወጣኸው፤ ልኬት ታነባለህ፣ ውል ትፈርማለህ፣ ሒሳብህን ራስህ ትይዛለህ። ከ9ኛ በኅዳር የወጣው ልጅ በእጁ ያለው ማስረጃ የ8ኛ ክፍል ብቻ ነው። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማስረጃ ነው። መውጣት የሚፈልግ ይውጣ፤ ሲወጣ ግን የሚያስኬድ ነገር ይዞ ይውጣ።

የአምስት ልጆች አባት፣ በዚህ ዓመት ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ መምህራን ጋር ተስማምተን ዘግይተው ለመጡት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ያለፋቸውን እናስተምራለን። አበል የለውም። ካላንደሩን እኛ መቀየር አንችልም፤ የመንፈቅ አጋማሽ ፈተናን ግን የምናወጣው እኛው ነን፤ ለቀረ ልጅ ድጋሚ መፈተኛ ቀን መስጠት የትኛውም መመሪያ አይከለክለንም።

---

ከመቀሌ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

እኔ 9ኛ ክፍል እያለሁ መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ተመልሰን ክፍል የገባነው በ2015 መጨረሻ ገደማ ነው። በመካከሉ ትምህርት ቤታችን የተፈናቃዮች መጠለያ ነበር፤ ወንበሩም ለማገዶ ሄዷል።

ስንመለስ ያየሁት ነገር የሚገርም ነበር። ከኔ ክፍል የነበሩ ወንዶች ብዙዎቹ አልመጡም። የሞቱ አሉ። ወርቅ ፍለጋ የሄዱ አሉ፤ ወደ ሳውዲ የሄዱ አሉ። የመጡትም ከታናናሾቻቸው ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጢም ያበቀለ ሰው «ደብተርህን አሳይ» ሲባል ፊቱን ብታዩት። አንዱ ጓደኛዬ የተወው ትምህርቱ ከብዶት አይደለም፤ የቤት ሥራ ባለመሥራቱ ተንበርከክ ስለተባለ ነው። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነበር።

መምህር፣ በዕድሜ የገፋን ተማሪ እንደ ልጅ አትያዙት። የሚመለሰው ሰው ሲወጣ የነበረው ልጅ አይደለም።

---

የማታ_ተማሪ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከመቀሌ የጻፍከው ወንድሜ፣ መፍትሔው የማታ ትምህርት ነው እላለሁ፤ ቢያንስ ለኔ ሠርቷል። አዲስ አበባ ዳቦ ቤት እሠራለሁ። ሥራዬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጀምራል፤ ቀን እተኛለሁ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል እገባለሁ። አሁን 11ኛ ነኝ። ክፍላችን ውስጥ ጥበቃ አለ፣ የቤት ሠራተኛ አለች፣ ሁለት ልጆች ያሏት እናት አለች። ስለ ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። ዩኒፎርም የለም። መምህሩ «አንቱ» የሚላቸው ተማሪዎች አሉ።

ችግሩ የማታ ትምህርት ያለው ከተማ ብቻ መሆኑ ነው። ከተማም ላይ መብራት ሲጠፋ ወደ ቤት ነው፤ ትራንስፖርት ካመለጠ በእግር ነው። አሠሪዬ ጥሩ ሰው ስለሆኑ ነው እንጂ ሰዓቴን ቢቀይሩት በማግስቱ ያቋረጥኩ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ላንሳ። ታናሽ እህቴ አንደኛ ደረጃ ናት። እናቴ በጉሊት ነው የምታሳድጋት። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ በ2012 ከተጀመረ ወዲህ ያቺ ልጅ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም ብል አላጋነንኩም። ቁርሷም ምሳዋም እዚያ ነው። ደብተርና ዩኒፎርምም ይሰጧታል። እኔ በእሷ ዕድሜ ከትምህርት የቀረሁት በረሃብ ነበር። የመምህር ልጆችም በስንቅ እሁድ እሁድ ከሚመላለሱ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ምገባው ቢደርስላቸው ምን ያህሉ ይቀር ነበር?

---

ተግባር_ይበልጣል
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

መምህር፣ ስለ 9ኛ ክፍል ያሉትን ተቀብያለሁ፤ የወራቱን ልዩነት አላሰብኩትም ነበር። ስለ ፈተናው ግን በአቋሜ ነኝ። ልጁን መልሳችሁ ካስገባችሁት በኋላ 12ኛ ላይ የሚጠብቀው ያው ነው። ተመልሶ ለሚገባው ልጅ ሁለተኛ መንገድ ካልተዘጋጀ ሁለት ጊዜ ነው የምናሳዝነው። የቅዳሜውን ትምህርት ስትሰጡ እጅ ሥራም ጨምሩበት። በእናንተ አካባቢ አናጺ የሆኑ ሰዎች አሉኝ፤ በሳምንት ግማሽ ቀን መጥተው ያስተምሩ እንደሆነ እጠይቃለሁ። መሣሪያውን እኔ አዋጣለሁ።

---

የቀድሞ_ሬጅስትራር
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ላልሞላሁት ወንድሜ። የሚደረግ ነገር አለ፤ ቀላል ነው ግን አልልህም። በቃል አትጠይቅ። በጽሑፍ አመልክት፤ ማመልከቻህን መዝገብ ቤት አስገብተህ ቁጥር ተቀበል። ቁጥር ያለው ደብዳቤ መልስ ሊሰጠው ግድ ነው። በማመልከቻው ላይ የወጣህበትን ወቅትና ምክንያት አስረዳ፤ በዚያ ጊዜ ብዙ ተማሪ እንደወጣ ተቋሙም ያውቃል። ጥያቄህም «መልሱኝ» ብቻ አይሁን። ያለፉህ ኮርሶች በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በየትኞቹ እንደሚተኩ የትምህርት ክፍሉ የአካዳሚክ ኮሚሽን እንዲወስንልህ ጠይቅ። የሚወስነው ኮሚሽኑ እንጂ አንድ ሰው ስላልሆነ ነው ማንም ብቻውን ያልፈረመልህ።

ካልተቀበሉህ ደግሞ የወሰድካቸውን ኮርሶች ማስረጃ አውጣ። የወጪ መጋራት ዕዳህን በተመለከተ ስምምነት ሊጠይቁህ ይችላሉ፤ አትደንግጥ። በዚያ ማስረጃ በኤክስቴንሽን ወይም በግል ኮሌጅ ገብተህ የተማርካቸውን ኮርሶች ማስቆጠር ትችላለህ፤ ኮሌጁ ዕውቅና ያለው መሆኑን አስቀድመህ አረጋግጥ። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና እንዳለም አትርሳ፤ የቆየ ሰው ዝግጅቱን ቀድሞ ነው መጀመር ያለበት። ማመልከቻውን ስታረቅቅ እዚሁ ላክልኝና አየዋለሁ።

---

ያልሞላሁት
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ኮሚሽኑ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እሁድ እጽፈዋለሁ።

---

ከጅዳ
ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

መምህር፣ እኔም ልጠይቅ። በሚቀጥለው ዓመት ውሌ ሲያልቅ ጠቅልዬ ለመግባት አስቤያለሁ፤ ደሴ ላይ የማታ መማር እፈልጋለሁ። የ8ኛ ክፍል ካርዴ እናቴ ሣጥን ውስጥ ነበረ፤ በጦርነቱ ጊዜ ከቤት ሲሸሹ ሣጥኑ ቀርቷል። ትምህርት ቤቱም ተዘርፏል፤ መዝገቡም እንደጠፋ ነው የሰማሁት። ያለ ካርድ ከአንደኛ ክፍል ጀምሪ ይሉኛል?

---

የክፍል_ኃላፊ
ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

አይሉሽም። የ8ኛ ክፍል ፈተና ክልላዊ ስለሆነ ውጤቱ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ በትምህርት ቢሮ በኩልም ይፈለጋል። የተፈተንሽበትን ዓመተ ምሕረት፣ የትምህርት ቤቱንና የወረዳውን ስም፣ ስምሽን እስከ አያት፣ የመፈተኛ ቁጥርሽን ካስታወስሽ እሱንም በግል መልእክት ላኪልኝ። እዚህ በይፋ አትጻፊው። ወንድምሽ ወይም እናትሽ በውክልና እንዲከታተሉልሽ ቆንስላው ዘንድ ውክልና ብትልኪ ነገሩ ይፈጥናል፤ የውክልናው ቃል «የትምህርት ማስረጃ ለማውጣት» የሚል በግልጽ ይኑርበት። ሰኞ ዞን ትምህርት መምሪያ የምሄድበት ጉዳይ ስላለኝ በጦርነቱ መዝገባቸው ለጠፋባቸው ትምህርት ቤቶች ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሚቀበሉ ጠይቄ እጽፍልሻለሁ። እንዳንቺ ካርዱ የጠፋበት ሌላ ሰው ካለ እስከ እሁድ ይንገረኝ፤ አብሬ እጠይቃለሁ።